በብርድ ጧት አልነሣ ስለሚል የናፍጣ ካሚዮን

እህል ከአውድማ ወደ ጎተራና ወደ ገበያ በሚጋዝበት ወራት፥ ይኸውም ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፥ በደጋው አገር ውርጭ ይወርዳል። ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በደብረ ብርሃንና እርሷን በመሰለ ስፍራ ሌሊቱን ደጅ ያደረ የናፍጣ ካሚዮን ጧት ሲያስነሡት እየተንገራገረና ነጭ ጢስ እየተፋ፥ አንዳንድ ጊዜም ፈጽሞ እንቢ እያለ ባለቤቱን ያስቸግራል። በዚያን ጊዜ የሚሰጠው ትእዛዝ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ሾፌሩ ይቀጣል፥ ወይ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩት ኢንጀክተሮች ሁሉ ወልቀው አዲስ ይገዛል። ሁለቱም ትእዛዝ ሳይመረመር የተሰጠ እንደ ሆነ ገንዘብንም ሰውንም የሚጎዳ ስሕተት ነው።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ የሞተሩን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው የጀርመን መሐንዲስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1897 ዓ.ም. በአውግስቡርግ ሠርቶ ያሳየው ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በብልጭታ የሚነድ አይደለም። ፒስቶኑ አየሩን ከ16 እስከ 22 እጅ አጥብቦ ሲጨምቀው አየሩ ከ500 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ እንደ ጉም ደቅቆ የተረጨውም ናፍጣ ከዚህ ግለት የተነሣ በራሱ ይነዳል። እንግዲህ ሞተሩ ይነሣ ዘንድ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ አንደኛ በቂ ግለት፥ ሁለተኛ አየርና ውሃ ያልገባበት ናፍጣ፥ ሦስተኛ ደቃቅ የሆነ ርጭት። ኢንጀክተሩ የሚጠየቀው በሦስተኛው ብቻ ሲሆን፥ በሦስቱም ጥፋት እርሱን መክሰስ ፍርድን ማጣመም ነው። በደጋውም የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከዐሥር እጅ ሰባቱን ያህል ስለ ሆነ፥ የአየሩ መሳሳት ከብርዱ ጋራ ተደምሮ መንደዱን ያዘገየዋል።

ምርመራው በቅደም ተከተል ይሁን። መጀመሪያ ሞተሪኖው ሞተሩን በፍጥነት ያዞረው እንደ ሆነ ይታይ። ብርድ የባትሪን ኃይል ይቀንሳል፥ ዘይቱንም ያወፍራል፤ ስለዚህ አዟዟሩ የደከመ እንደ ሆነ ባትሪው፥ የሽቦዎቹ መያዣና ሞተሪኖው ይፈተሹ። አዟዟሩ መልካም ሆኖ ሞተሩ ያልተነሣ እንደ ሆነ ግን ጢሱ ይጠየቅ። ሲዞር ምንም ጢስ ካልወጣ ናፍጣ አልደረሰም ማለት ነው፤ ፊልትሮውና ቧንቧው ይታይ። በእጅ ፖምፕ ናፍጣ ሲገፋለት ወዲያው የሚነሣ፥ በማግሥቱ ግን መልሶ የሚያስቸግር ከሆነ፥ ሌሊቱን በአንድ ስፍራ አየር እየገባ ናፍጣው ወደ ኋላ ይመለሳል። ነጭ ጢስ እያወጣ የማይነሣ እንደ ሆነ ናፍጣው ደርሶ ሳይነድ ቀርቷልና የማሞቂያው ካንዴላ ወይም የአየሩ ማሞቂያ ይመርመር። ጢሱ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ሆኖ ቀርቶ የራዲያተሩ ውሃ ከጎደለ ነገሩ የቴስታታው እንጂ የናፍጣው አይደለም። ሰማያዊ ጢስ ዘይት መቃጠሉን ያመለክታል።

ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አንዱ ሲሊንደር እያንኳኳ ጥቁር ጢስ ቢያወጣ ያን ጊዜ ኢንጀክተሩ ይጠርጠር። በአሮጌው ዓይነት ሞተር መካኒኩ የየኢንጀክተሩን የቧንቧ ዳዶ አንድ በአንድ ጥቂት ሲያላላ፥ ቢያላላውም የሞተሩ ድምፅ የማይለወጥበት ሲሊንደር እርሱ የደከመው ነው። ነገር ግን ድካሙ ከፒስቶኑ ፋሻ ወይም ከቫልቩ ሊሆን ስለሚችል ኢንጀክተሩ በመፈተኛ መሣሪያ ላይ ርጭቱ ሳይታይ፥ የሲሊንደሩም ግፊት ሳይለካ አዲስ አይገዛ። በአዲሱ ዓይነት፥ ኮመን ሬል በሚባለው ሞተር ግን ዳዶ ማላላት ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን፤ ናፍጣው ከ1000 እጥፍ በላይ በሆነ የአየር ግፊት ተጨንቆ ያለ ስለ ሆነ ቆዳን በስቶ ይገባልና። ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም የተመታው ሰው ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። በዚህ ዓይነት ሞተር ኢንጀክተሮቹ የሚመረመሩት የሚመልሱትን ናፍጣ በየጠርሙሱ ለክቶ በማነጻጸርና ኮምፒዩተሩን በማንበብ ነው።

የኢንጀክተር ዋና ጠላቶች ውሃና ቆሻሻ ናቸው። ጎዶሎ ሆኖ ያደረ የናፍጣ ጋን እርጥብ አየር ይስባል፤ እርጥበቱም በብርድ ጤዛ ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ጋኑ ማታ ይሞላ፥ ከፊልትሮው በታች ያለው ውሃ ጧት ይፍሰስ፥ በበርሜል የመጣ ናፍጣም ሳይጠልል አይቀዳ። እሳት ከሞተሩ በታች ማንደድ፥ ማሞቂያ ባለው ሞተር ውስጥም ኤተር መርጨት ካሚዮኑንና ሰውን አደጋ ላይ የሚጥል ልማድ ነው።

«ይህ የመካኒክ ነገር ነው፥ ሹም ምን ያገባዋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፥ ሹም መፍቻ አይዝም፤ ቁልፉን ግን እርሱ ይዟል፥ ይኸውም ገንዘቡንና ትእዛዙን። አንድ ፊልትሮ ለመግዛት ደብዳቤ ሲመላለስ ወር የሚያልፍበት መሥሪያ ቤት፥ በኋላ ለሙሉ ኢንጀክተር ብዙ ብር ይከፍላል። ችግሩን በጊዜ የተናገረ ሾፌር የሚቀጣበትም ስፍራ፥ ሾፌሮች ጥፋትን መደበቅ ይማራሉ። ገበሬ በሬውን ሳያይ አይጠምድም፤ በሬው ቢያነክስም እግሩን ያያል እንጂ ወዲያው አያርደውም።

እንግዲህ በየካሚዮኑ የጧቱ አነሣስና የጢሱ ቀለም የሚጻፍበት አንድ ደብተር ይኑር፤ ለፊልትሮና ለካንዴላ የሚሆን ጥቂት ገንዘብም በወረዳው እጅ ይቀመጥ። ካሚዮኑ በቆመበት ቀን የገበሬው እህል በአውድማ ላይ፥ ማዳበሪያውም በመጋዘን ይቀራል፤ ዝናብ ደግሞ የመለዋወጫ ዕቃ እስኪመጣ አይጠብቅም። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።