ከማጠቢያው በላይ፣ ከማጠቢያው በታች

 

ከአጋሮ የተላከ አንድ ደብዳቤ ጠረጴዛችን ላይ ከተቀመጠ ወራት አልፈዋል። ጸሐፊው የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው። በቴሌቪዥን ስለ ቀይ ባሕር የቀረበ ፊልም አይቶ ልቡ ተሰቅሏል። «ውሃ ውስጥ ያሉ ፍጥረታትን ፎቶ ማንሳት እፈልጋለሁ፤ ግን አባቴ ትንሽ የቡና ማሳ ያለው ገበሬ ነው። በአነስተኛ ወጪ የሚቻልበት መንገድ ካለ ንገሩኝ» ይላል። መልስ ሳንሰጥ የቆየነው ጥያቄውን ንቀን አይደለም። እኛው ራሳችን ሳንሞክረው ምክር መስጠቱ ስለከበደን ነው።

መጀመሪያ ደስ የማይለውን ክፍል እንጨርሰው። ከጅማ እስከ ጨው ውሃ ያለው የመኪና መንገድ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የዳህላክ ደሴቶችም ኤርትራ ነፃነቷን ካወጀችበት ከ1993 እ.ኤ.አ. ወዲህ የጎረቤት አገር ናቸው። አየር የታመቀበትን ጠርሙስ በጀርባ አዝሎ መጥለቅ ደግሞ፣ ፈረንሳዮቹ ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን በ1943 እ.ኤ.አ. መሣሪያውን ከሠሩት ጀምሮ ብዙዎች የሚችሉት ነገር ቢሆንም፣ ያለ አስተማሪ የሚሞከር አይደለም። ከታች የታመቀ አየር ሲተነፍስ የቆየ ሰው ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ ቢወጣ፣ ደረቱ ውስጥ ያለው አየር እየሰፋ ሄዶ ሳንባውን ይቀደዋል። ከጓደኛ ተውሶ የሚለማመዱት ጨዋታ አይደለም ማለት ነው።

ጅዳ ስድስት ዓመት ሠርቶ የተመለሰ አንድ የሰፈራችን ልጅ በርካሽ መንገድ ሞክሮት ያውቃል። በእረፍት ቀኑ መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ አድርጎ፣ ሞባይሉን በላስቲክ ከረጢት አስሮ ከዳር ዳር ይዋኝ ነበር። ዓሣዎቹን እንደ ሰርግ ቤት ጨርቅ ያሸበረቁ ነበሩ ይለናል። በሦስተኛው ቀን ግን ከረጢቱ ውሃ አስገባ። ከሞባይሉ ጋር የዘመድ ወዳጁ ስልክ ቁጥር ሁሉ አብሮ ሰመጠ። እናቱ ሁለት ሳምንት ሙሉ ድምፁን ባለመስማታቸው ለቅሶ ሊቀመጡ ምንም አልቀራቸውም ነበር።

ታዲያ ለአጋሮው ልጅ ምን እንበለው? «ተወው» ልንለው ነበር። ሐሳባችንን ያስለወጠን ስለ ብርሃን ያነበብነው ነው። ውሃ የፀሐይን ብርሃን እኩል አያሳልፍም፤ ቀዩን ቀለም ቀድሞ ይውጠዋል። አምስት ሜትር ያህል ሲወረድ ቀይ ነገር መደብዘዝ ይጀምራል፤ ከአስር ሜትር በኋላ ከናካቴው ግራጫ ይመስላል። ባሕር ጠላቂዎች ውድ መብራት ተሸክመው የሚወርዱት ለዚሁ ነው። ጉልበት የማይደርስ ምንጭ ውስጥ ግን ቀለም ሁሉ እንዳለ አለ፤ ፀሐይ በነፃ ታበራዋለች። ሉዊ ቡታን የተባለው ፈረንሳዊ በ1893 እ.ኤ.አ. ካሜራውን ውሃ በማያስገባ ሣጥን አሽጎ ወደ ባሕር ባወረደበት ጊዜ ከሁሉ በላይ የቸገረው የብርሃን ማነስ ነበር። የእኛ ልጆች ይህ ችግር የለባቸውም። የእነሱ ችግር የውሃው ገጽ ነው፤ ያንጸባርቃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከላይ ሆኖ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ከሰማይና ከራሱ ፊት በቀር አያሳየውም።

መፍትሔው ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ሆኖ ተገኘ። የጀሪካኑ አፍ በኩል እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይቆረጣል። ቂጡም ይቆረጥና በቦታው የመስኮት መስታወት ቁራጭ በሲሊኮን ይለጠፋል። ከዚያ አንድ ሙሉ ቀን ሳይነካ ይደርቃል። እኛ ችኩሎች ሆነን በሦስት ሰዓት ውስጥ ውሃ ላይ አስቀመጥነውና መስታወቱ ወልቆ ቀረ፤ ደግነቱ ውስጡ ያስቀመጥነው ሶፍት እንጂ ሞባይል አልነበረም። እናንተም ብትሠሩ መጀመሪያ ሶፍት አስቀምጡበት፤ ሩብ ሰዓት ውሃ ላይ ቆይቶ ደረቅ ከሆነ ሞባይሉ ተራውን ያገኛል። የዚህ ዘዴ ጥሩነቱ ሞባይሉ ፈጽሞ አለመታሸጉ ነው። ጀሪካኑ ላይኛው ክፍት ነው፣ መስታወቱ ብቻ አንድ ስንዝር ያህል ይጠልቃል፣ ሞባይሉ ከውስጥ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ወደ ታች ያያል። አየር የሞላው ዕቃ ስለሆነ ውሃው ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሁለት ሦስት ድንጋይ በጥግ በኩል ቢቀመጥበት አደብ ይገዛል። የውስጡን ግድግዳ በጥቁር ጨርቅ መሸፈን ደግሞ የሞባይሉ ጥላ መስታወቱ ላይ እንዳያንጸባርቅ ያደርጋል።

አንድ ነገር ግን ልጆቹን ግራ አጋባቸው፤ በጀሪካኑ ሲያዩት ትልቅ የመሰለው ሸርጣን በእጅ ሲያዝ ትንሽ ሆነባቸው። ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲወጣ መንገዱ ስለሚሰበር፣ አርባ ሳንቲ ሜትር ላይ ያለው ነገር በሠላሳ ላይ ያለ ይመስላል። ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት ባስራ ተወልዶ ካይሮ ላይ የሠራው ኢብኑል ሀይሠም በኪታቡል መናዚር ላይ በሰፊው የመረመረው ጉዳይ ነው። ከልጆቹ አንዷ «ስለዚህ ውሃው ራሱ አጉሊ መነጽር ነዋ!» አለች። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለንም።

አሁን ወደ ጉዟችን እንምጣ። በኅዳር አንድ ቅዳሜ ከደብዳቤው ጸሐፊ፣ ከሁለት ጓደኞቹና ዘጠነኛ ክፍል ከምትማር እህቱ ጋር ከጅማ አጋሮ መንገድ ገባ ብሎ ወደሚገኝ አንድ ወንዝ ሄድን። የወንዙን ስም አንጠራም፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ይገባችኋል። ኅዳርን የመረጥነው የክረምቱ ድፍርስ ውሃ የሚጠራበት ወር በመሆኑ ነው። ሁላችንም የላስቲክ ቦት ጫማ አድርገናል። በአካባቢያችን ቢልሃርዚያ አለና፣ በተለይ ቀስ ብሎ በሚሄድና ቀንድ አውጣ በበዛበት ውሃ ባዶ እግር መግባት የለበትም። ሴቶች ልብስ በሚያጥቡበት፣ ሰዎች በሚታጠቡበት በኩል ካሜራ እንደማናወጣም ከቤት ሳንወጣ ተስማምተናል። ጅማ አጠገብ ያለውን የቦዬን ረግረግ የመረጠ ልጅ ነበር፤ ጉማሬ ያለበት ውሃ ለጀማሪ አይሆንም ብለን አስቀረነው።

ከጫካው የሚወርደው ውሃ ቀዝቃዛና ፈጣን ነው። ጀሪካኑን እንዳስቀመጥነው ሌላ ዓለም ተከፈተ። ድንጋዩ ላይ ሦስት ቀጫጭን ጭራ ያላቸው ጠፍጣፋ እጮች ተለጥፈዋል፤ ከጎንና ከጎናቸው ያለው ላባ የመሰለ ነገር ሳያቋርጥ ይርገበገባል፤ የሚተነፍሱት በእሱ ነው። ሌላው ትል የአሸዋ ቅንጣት በራሱ ድር እየሰፋ ቤት ሠርቶ ቤቱን እየጎተተ ይሄዳል። የውሃ ተርብ እጭ ጥግ ላይ አድፍጦ ይጠብቃል። ጣት የምታህል ዓሣ ድንጋዩን እየላሰች አረንጓዴውን ትግጣለች። ከሁሉ የተሻለውን ፎቶ ያነሳችው እህትዬዋ ናት፤ ወንዶቹ ሲሯሯጡ ውሃውን ያደፈርሳሉ፣ እሷ ግን አንድ ቦታ ተንበርክካ ሸርጣኑ ከድንጋዩ ሥር እስኪወጣ ግማሽ ሰዓት ጠበቀችው። ያገላበጥነውን ድንጋይ ሁሉ እንደነበረ መልሰን አስቀመጥን።

ከዙሁር በኋላ ወንዙን ተከትለን ወረድን። ድልድዩን እንዳለፍን ከቡና ማጠቢያው በታች ሽታው ተቀበለን፤ የኮመጠጠ፣ የሚከረፋ ሽታ። ውሃው ጠቁሯል። ጀሪካኑን ስናስቀምጥ ድንጋዮቹ እንደ በሰበሰ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር ለብሰው አየናቸው። ባለ ሦስት ጭራው የለም። ቤት ሠሪው የለም። ዓሣ የለም፣ ሸርጣን የለም። ጭቃው ውስጥ ቀያይ ትሎች ብቻ ይርመሰመሳሉ። እነዚህ ደማቸው ውስጥ እንደ እኛው አየር የሚይዝ ቀይ ነገር ስላላቸው፣ ሌላው ሁሉ ታፍኖ በሚሞትበት ውሃ መኖር ይችላሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሸት ቡና ሲፈለፈል ስጋውና ሙጫው ከውሃው ጋር ይወጣል። ስኳር የበዛበት ነው። ይህ ወንዝ ሲገባ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ስኳሩን ለመብላት ይረባረቡና ውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እነዚህኑ እጮችና ትሎች እየቆጠሩ የወንዝን ጤንነት ሲለኩ ቆይተዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት በጅማ አካባቢ በቡና ማጠቢያ አቅራቢያ የሚኖሩ ሰዎች ማዞር፣ የዓይንና የቆዳ መቆጣት፣ የሆድ ሕመምና የመተንፈስ ችግር እንደሚሰማቸው ተመዝግቧል። የማጠቢያው ወቅትና ውሃው የሚጠራበት ወቅት አንድ መሆኑ ያሳዝናል።

ዳር ላይ ያገኘናቸው አንድ ሐጂ የልጆቹን ሥራ ቆመው ሲመለከቱ ቆዩ። ፎቶውን አሳየናቸው። «እኛ ልጆች ሳለን ከዚህ ከድልድዩ ሥር ነበር የምንቀዳው። አሁን ለውዱእ እንኳ ዞሬ ወደ ላይ እሄዳለሁ፤ ጉልበቴ ደግሞ እንደምታዩት ነው» አሉን።

ይህን ጊዜ የደብዳቤው ጸሐፊ ወደ ጆሯችን ጠጋ ብሎ «አባቴ እሸቱን የሚሸጠው እዚሁ ማጠቢያ ነው» አለን። ፊቱ ተለውጧል። ስንመጣ ፎቶዎቹን በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሊለጥፋቸው አስቦ ነበር። ማጠቢያው የታጠበ ቡና የተሻለ ዋጋ እንዲያወጣ አድርጓል፤ የብዙ ቤት ልጅ ደብተር የሚገዛለት ከዚያ በሚገኝ ገንዘብ ነው። እኛም ዝም አልን። የከተማ ሰው መጥቶ ፎቶ አንስቶ ሄዶ፣ ጣጣውን ለገበሬው ልጅ መተው ነውር ነው።

ተመካክረን መጀመሪያ ለማጠቢያው ኃላፊ ለማሳየት ወሰንን። ጥበቃው ካሜራ የያዘ ሰው ማስገባት ስላልወደደ በር ላይ ረጅም ጊዜ ቆምን። ኃላፊው ወጥተው ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ የጠየቁት አንድ ነገር ነበር፤ «ለማን ልትሰጡት ነው?» አሉ። ልጅቷ «ለእርስዎ፣ ጋሼ» ብላ ሞባይሉን ዘረጋችላቸው።

ሁለቱን ፎቶ እያሰፉ፣ እየመለሱ አዩ። ከዚያ ፍሳሹ የሚጠራቀምበትን ጉድጓድ አሳዩን። ጉድጓድ ሁለት አለ፤ እሸቱ በአንድ ጊዜ ሲጎርፍ ግን በሳምንት ውስጥ ሞልቶ ሌሊት ወደ ወንዙ ይፈሳል። ሦስተኛ ለመቆፈር መሬቱ የገበሬ ነው፣ ካሳ ይፈልጋል። ቬቲቨር ሣር ተክለው ፍሳሹን በሣሩ ውስጥ የሚያሳልፉ፣ ውሃ ቆጣቢ መፈልፈያ ያስገቡ ማጠቢያዎች እንዳሉ እሳቸውም ያውቃሉ። የሣሩን ነገር እንደሚሞክሩት ነገሩን፤ የመፈልፈያውን ነገር ግን «እሱን ለባለቤቱ ንገሩ» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ደስታ አልነበረበትም።

ልንሰናበት ስንል «ማጠብ ካቆምን በኋላስ እነዚያ ባለ ሦስት ጭራዎቹ ይመለሳሉ?» ሲሉ ጠየቁን። ከላይ ያለው ወንዝ ጤነኛ ስለሆነ ውሃው እጮቹን እያወረደ ሊያመጣቸው ይችላል፤ መቼና ምን ያህል የሚለውን ግን ፎቶው ይናገራል አልናቸው። ለየካቲት የመጀመሪያው ቅዳሜ ቀጠሮ ሰጡን። ፎቶዎቹ እስከዚያ ግድግዳ ላይ አይወጡም፤ ልጁም እህቱም በዚህ ተስማምተዋል። እስከዚያው ጀሪካኑ እነሱ ቤት ነው፤ አንዱ ጥጉ ውሃ ማስገባት ስለጀመረ አዲስ ሲሊኮን ገዝተን ልከንላቸዋል።