ለእኛም ለማመልከቻ ጸሐፊዎች

ለኢትዮጵያ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት ዋና ዳይሬክተር
አዲስ አበባ

ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣

አሶሳ ከተማ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። እንጀራዬ የሰው ማመልከቻ ነው፤ የክስ፣ የይግባኝ፣ የዝውውር፣ የሥራ። ዛሬ ግን የማመለክተው ለራሴና ለሙያ ጓደኞቼ ነው።

ወጣቱ አሁን የሚመጣው ለማስጻፍ ሳይሆን ፕሪንት ለማስደረግ ነው። ቻትጂፒቲ ጽፎለታል፤ በቴሌግራም ይልክልኛል፣ አትሜ እሰጠዋለሁ። የጽሕፈቱ ሒሳብ ቀረ። በዚህ አላማርርም። ከእኛ በፊት የነበሩት ታይፒስቶች ኮምፒውተር ሲመጣ ፓወር ግዕዝ ተምረዋል፤ እኛም ከፓወር ግዕዝ ወደ ዩኒኮድ ተሻግረናል። ለኩርሙክ የወርቅ ማዕድን ሥራ ለሚያመለክቱ ልጆች የእንግሊዝኛ ሲቪ የማሰናዳው በዚሁ በቻትጂፒቲ ነው። ከእኔ እንግሊዝኛ የእሱ ይሻላል፣ ምን ይደረግ።

ክስ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ልጅ የአያቱን የመሬት ክስ በስልኩ አስጽፎ አመጣ። አማርኛው ያማረ ነው። የመሬቱ አዋሳኝ በምሥራቅና በምዕራብ ማን እንደሆነ ግን የለበትም። ግምቱ የለም፣ የማስረጃ ዝርዝሩ የለም፤ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት «እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» ተብሎ የሚፈረምበት መስመርም የለም። እንዲሁ ይዘውት ቢሄዱ ሬጅስትራር ይመልሳቸው ነበር። አያቱ የሚናገሩት ሩጣና ነው። ልጁ እያስተረጎመልኝ ጠየቅኋቸው፦ የማንጎው ዛፍ በማን በኩል ነው? መሬቱን ማን አወረሰዎት? ያኔ የነበረ ሰው በሕይወት አለ? ብዙ ሰዓት ወሰደብን። ያስከፈልኩት ግን እንደተለመደው በገጽ ነው። ዋናው ሥራችን መጠየቅ ሆኖ ሳለ ስንሸጥ የኖርነው ጽሕፈቱን ነበር፤ ጽሕፈቱ ዋጋ ሲያጣ መጠየቁን እንዴት እንደምንሸጥ ያስተማረን የለም።

መንግሥት በሰኔ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ፖሊሲውን አጽድቋል፤ በቀጣዩ ወር የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ተጀምሯል። መልካም ነው፣ የእኅቴ ልጅም ተመዝግባለች። ትምህርቱ ግን በእንግሊዝኛና በኢንተርኔት ነው፤ በአብዛኛውም ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ፣ ዳታ ነው። ዕድሜዋ የገፋ ማመልከቻ ጸሐፊ መተግበሪያ መሥራት አትፈልግም። የምትፈልገው ማሽኑ የጠቀሰላትን አንቀጽ ከሕጉ ጋር ማመሳከር ነው። የደንበኛን ስም፣ የፋይዳ ቁጥር፣ የፍቺ ጉዳይ ወደ ቻትጂፒቲ ማስገባት ይፈቀድ እንደሆነም ማወቅ ትፈልጋለች። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ እኛ ጠረጴዛ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ግን ያስረዳን የለም።

ስለዚህ ኢንስቲትዩትዎ ከአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በሥራ ላይ ላለነው አጭር ሥልጠና እንዲያዘጋጅልን እጠይቃለሁ። በአማርኛ ይሁን፤ የራሳችንን ማመልከቻዎች ስም እየሰረዝን ይዘን እንቅረብና በእነሱ ላይ እንማር። ከሕግ ትምህርት ክፍል አንድ መምህር ቢጨመርበት ደግሞ ከማንኛውም ፓወርፖይንት ይበልጣል።

ሌላው የቋንቋ ነገር ነው። የጎግል ትርጉም አማርኛን በ2008፣ ኦሮምኛንና ትግርኛን በ2014 ዓ.ም. አስገባ። እኛ ዘንድ በየቀኑ የሚሰሙት ሩጣና፣ ጉሙዝኛና ሽናሽኛ ተራቸው መቼ ነው? የውጭ ኩባንያ ገበያ አይታየው ይሆናል፤ ለእናንተ ግን ይህ ምክንያት አይሆንም። የእነዚህን ቋንቋዎች ድምፅ ለመሰብሰብ ስትመጡ ተናጋሪውንም አስተርጓሚውንም ክፈሉ። ያ ልጅ ለአያቱ በነፃ የሠራው ሥራ ሙያ ሊሆን ይችላል።

ለሥልጠናው ውሎ አበል አንጠይቅም (ይህን በመጻፌ የሚቆጡኝ የሙያ ጓደኞች ይኖራሉ)። በገበያ ቀን ግን አታድርጉት። ከየወረዳው ባለጉዳይ የሚገባው ያን ቀን ነውና ቤታችንን ዘግተን መምጣት አንችልም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጽሕፈት ቤት ባለቤት
አሶሳ