ከቡሃቃው እስከ ሉካንዳው

ዛሬ ወደ ጓዳ ልወስዳችሁ ነው። ባልና ሚስት አብራችሁ ብታነቡት ደስ ይለኛል፤ ጉዳዩ የሁለታችሁም ነውና።

የመጀመሪያ ልጃችንን ነፍሰ ጡር ሳለሁ ባለቤቴ በደመወዝ ቀን ግማሽ ኪሎ ጥሬ ሥጋ አስጠቅልሎ ገባ። «ላንቺም ለሕፃኑም ጉልበት ይሆናል» አለኝ። ፍቅሩን አይቼ እምቢ ማለት ከበደኝና በላሁ። ከሦስት ወር በኋላ ኮሶ ታየብኝ። የመረመረኝ ሐኪም «በዚህ ያለፈው ደግ ነው፤ ጥሬ ሥጋ ለጽንስ ከኮሶ የከፋም ያመጣል» ሲለን ባለቤቴ አንገቱን ደፋ። ጥፋቱን ሁሉ በራሱ ላይ አድርጎ ለብዙ ቀናት አብሮኝ መብላት እንኳ አፈረ። እኔም ዝም አልኩት። ዝምታዬ ከበሽታው ይልቅ እንደጎዳው ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ሁለታችንም የጎደለን ፍቅር ሳይሆን እውቀት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ ምግብ የተጻፈ ሳገኝ አላልፍም። በአገራችን በዚህ ሙያ ብዙ የደከሙ ምሁራን አሉ። ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ እንጀራን፣ ቆጮን፣ ስልጆን፣ አዋዜንና እርጎን የመሳሰሉ ተብላልተው የሚዘጋጁ ምግቦቻችንን በሚመለከት የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2006 አሳትመዋል። እናቶቻችን በእጃቸው የሚያውቁትን ሳይንሱ በስሙ ሲጠራው ማየት ያስደንቃል።

እህቴ ሆይ፣ እርሾ ጨምረሽ ሊጡን ከድነሽ ስትተኚ በቡሃቃው ውስጥ ሥራ አይቆምም። በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች የዱቄቱን ስኳር እየበሉ ላክቲክ አሲድ ያወጣሉ። የእንጀራው ኮምጣጣ ጣዕም በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው። አሲዱ ብዙ ጎጂ ተዋህስያን እንዳይራቡ ያግዳል። ሌላም ጥቅም አለው። በእህል ውስጥ ፋይቴት የሚባል ነገር ብረትን አስሮ ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል፤ ሊጡ በደንብ ሲቦካ ግን ፋይቴቱ ይቀንሳል። ስለዚህ እንግዳ መጣ ብለሽ ሁለትና ሦስት ቀን የሚፈልገውን ሊጥ በአንድ ቀን አታጣድፊው።

የሚገርመው ይኸው አሲድ በሥጋም ውስጥ መኖሩ ነው። በሬ ሲታረድ በጡንቻው የተከማቸው ግላይኮጅን የተባለው ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ይለወጣል። በሕይወት ሳለ 7 አካባቢ የነበረው የሥጋው ፒኤች በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ 5.5 ገደማ ይወርዳል። ጥሩ ቀለም ያለውና ቶሎ የማይበላሽ ሥጋ የሚገኘው እንዲህ ነው። ነገር ግን በሬው ረጅም መንገድ ተነድቶ፣ ተራቦና ተደብድቦ ወዲያው ከታረደ ያ ስኳር አስቀድሞ አልቋል። አሲዱ አይበቃም፤ ሥጋው ይጠቁራል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ፈጥኖም ይበላሻል። ወንድሜ ሆይ፣ ለበዓል ከጎረቤት ጋር በሬ ስትገዙ ቀደም ብላችሁ ግዙ፤ ውኃ ጠጥቶ ይረፍ። ለእንስሳው መራራት ለገበታችሁም ይጠቅማል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። አሲዱ ሥጋውን ከመበላሸት ቢጠብቀውም የኮሶን እጭ አይገድልም። አዋዜና ሚጥሚጣም በሥጋው ውስጥ የተሸሸገውን እጭ አይደርሱበትም። የቄራ ምርመራ ትልቅ ጥበቃ ነው፤ ሆኖም እጩ ጥቂት ሲሆን ከመርማሪው ዓይን ሊያመልጥ ይችላል። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተዋህስ አለ። ወደ ጽንሱ ተላልፎ ውርጃን ወይም የዓይንና የአንጎል ጉዳትን ሊያስከትል ይችላል። መድኃኒቱ እሳት ነው። ሙዳ ሥጋ ውስጡ 63 ዲግሪ ደርሶ ጥቂት ደቂቃ ይረፍ፤ የተከተፈ ወይም የተፈጨ ሥጋ ግን 71 ዲግሪ ይፈልጋል። ስለዚህ ለብለብ የተደረገ ክትፎ አይበቃም፤ ቀዩ መልክ ፈጽሞ እስኪጠፋ ይብሰል። ጥሬ ሥጋ የነካውንም ቢላና መክተፊያ ሳታጥቡ ሰላጣ አትክተፉበት።

«ታዲያ ነፍሰ ጡሯ ደም ከየት ታግኝ?» ትሉኝ ይሆናል። ሥጋ ሲበስል ብረቱ አይጠፋም። በደንብ ከቦካ እንጀራ ጋር የበሰለ ሥጋ ወይም ምስር ብትበላ፣ ሎሚ ወይም ቃሪያ ብትጨምርበት ሰውነቷ ብረቱን በተሻለ ይወስዳል። ሻይና ቡናው ግን ከምግቡ ትንሽ ዘግየት ይበል፤ ብረቱን ይሻሙታልና። ሐኪም ያዘዘላትንም የብረት እንክብል አትተው።

ባለቤቴ ዛሬም ግብዣ ቤት ጥሬ ሥጋ ሲቀርብለት «እኔ የበሰለውን እጠብቃለሁ» ይላል። አንዳንዱ ይስቅበታል። እኔ ግን ያን ዓረፍተ ነገር በሰማሁ ቁጥር ያኔ በዝምታዬ የጎዳሁትን ሰው አስታውሳለሁ። እባካችሁ፣ በጓዳችሁ ስሕተት ሲገኝ ጥፋተኛ ከመፈለጋችሁ በፊት አብራችሁ ተማሩ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ጌታ ገበታችሁን ይባርክ።