ህንድን በአሥር ቀን?

«ሦስት ዓመት ባጠራቀምነው ገንዘብ ከባለቤቴ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ህንድ ልንሄድ ነው። ያለን አሥር ቀን ነው። እሱ ከዴልሂ እስከ ኬረላ ሁሉንም ካላየን ብሎ አስቸገረኝ። በዚሁ ተኮራርፈናል» ስትል አንዲት አንባቢ ጽፋልኛለች።

እህቴ፣ እኔም ያደግሁት በህንድ ፊልም ነው፤ ያ ሁሉ ዘፈን አንድ መንደር ውስጥ የሚዘፈን ይመስለኝ ነበር! አገሩ ግን በስፋት የእኛን ሦስት እጥፍ ያህላል። ከዴልሂ ኬረላ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሁሉን ልይ ያለ ሰው ኤርፖርት ብቻ አይቶ ይመለሳል።

ስለዚህ አንዱን አካባቢ ምረጡ፤ ዴልሂ፣ አግራና ጃይፑር ይበቋችኋል። ሦስቱም በባቡር የጥቂት ሰዓት መንገድ ናቸው። አግራ ያለው ታጅ ማሃል፣ ንጉሥ ሻህ ጃሃን እ.ኤ.አ. በ1631 ለሞተችበት ሚስቱ ያሠራው መቃብር ነው። አርብ አርብ ዝግ ስለሆነ ቀኑን አደራ! ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ኅዳር ወይም የካቲት ይሻላችኋል።

ይቺን ለባለቤትሽ አንብቢለት። ኬረላ የትም አይሄድም፤ ለሁለተኛው ጉዞ ይቆይ። ተኮራርፎ ታጅ ማሃል ፊት ፎቶ መነሳት ግን ያሳፍራል!