ደም ማነስና ደም ብዛት

የፈተና ሰሞን ሲደርስ የነርስነት ተማሪዎች ጓደኞቻችን እስከ እኩለ ሌሊት ስለ ደም በሽታዎች ሲያነበንቡ እንሰማቸዋለን። እርጉዝ ያልሆነች ሴት ሄሞግሎቢኗ በዴሲ ሊትር ከ12 ግራም በታች ከወረደ ደም ማነስ ነው ይላሉ፤ ሄሞፊልያ ላለበት ሰው አስፕሪን አይሰጥም ይላሉ። መልካም ነው፤ ይኸን ያላወቀ ወደ በሽተኛ ባይቀርብ ይሻላል።

ነገር ግን እኛ የአርትስ ተማሪዎች አንድ ጥያቄ አለን። መጽሐፉም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው፤ በሽተኛይቱ ግን የምትናገረው በእናቷ ቋንቋ ነው። «ደም ብዛት አለብኝ» ስትል የደም ግፊቷ ከፍ ማለቱን መናገሯ እንጂ ደሟ በዝቶ አይደለም። «ደም አነሰኝ» የምትለውም ራሷን ስላዞራት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ቃላት ተቃራኒ ስለሚመስሉ፣ አንዱ የያዘውን ሰው ሌላው አይነካውም ብሎ የሚያምን አይጠፋም። ይኸ ስሕተት ነው፤ ኩላሊቱ የደከመን ሰው ሁለቱም ባንድነት ሊይዙት ይችላሉ። ታዲያ «ደም ማነስ አለብሽ» የተባለች ሴት፣ ደም ብዛቱ የለቀቃት መስሏት የግፊት መድኃኒቷን ብትተው ጥፋቱ የማን ነው?

ስለዚህ ጓደኞቻችን ያጠኑትን ሁሉ አንድ ጊዜ በአማርኛ ይበሉት እንላለን። የዓይንን ቆብ ገለጥ አድርጎ፣ መዳፍንም አይቶ መገርጣቱን መመርመር ተገቢ ነው፤ ቀጥሎ ግን «እናቴ፣ ደም አነሰኝ ሲሉ ምን ይሰማዎታል?» ብሎ መጠየቅና መልሱን እስከ መጨረሻው መስማት ያስፈልጋል። ለዚህ ልምምድ በሽተኛ ቢጠፋ፣ እኛ ማታ ማታ በሽተኛ ሆነን ለመጠየቅ ዝግጁ ነን።