የታጠቀው ማን ነው?

በአሜሪካ ራስን ለመከላከል መሣሪያ መያዝ የዜጋ ሁሉ መብት ነው ይባላል። የመብቱ መደባዊ ባሕርይ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ግን ጭቁኑ ሲታጠቅ ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1956 ቤታቸው በቦምብ ከተመታ በኋላ ፈቃድ ቢጠይቁ ተከለከሉ። የብላክ ፓንተር ታጋዮች ሕጉ በፈቀደላቸው መሠረት ጠመንጃ አንግበው የኦክላንድን ፖሊስ መከታተል ሲጀምሩ ደግሞ፣ በ1967 ሕጉ ራሱ ተለወጠ፤ በካሊፎርኒያ አደባባዮች ጥይት የጎረሰ መሣሪያ መያዝ ተከለከለ። ፈራሚው አገረ ገዥ ሮናልድ ሬገን ነበር፤ በ1980 ብሔራዊው የጠመንጃ ማኅበር ለፕሬዚዳንትነት የደገፈው ያው ሬገን!

«ፈቃድ አውጣ፣ ኃላፊነት ይሰማህ» የሚለው የቡርዥዋ ምክርስ? በ2016 በሚኒሶታ ፖሊስ ያስቆመው ጥቁር አሽከርካሪ ፈቃድ ነበረው፤ መሣሪያ መያዙንም ሳይጠየቅ ተናገረ። እዚያው መኪናው ውስጥ በጥይት ተገደለ። ተኳሹ ፖሊስ በ2017 በነጻ ተሰናበተ።