ከባድ ጥሩር ወይስ ቀልጣፋ ሰውነት

በመርካቶና በመላው አዲስ ከተማ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በእጅ ስልክም ሆነ በፕሌይስቴሽን የሚጫወቱትን ጨዋታ ወላጆች ከጩኸቱ በቀር እምብዛም አያውቁትም። ከነዚህ መካከል ተጫዋቹ የአንድ ልብ ወለድ ጀግና ስምና ልብስ ይዞ ከአውሬና ከጠላት ጋር የሚዋጋባቸው አሉ። በነዚህም ወንድማማቾችን ዘወትር የሚያከራክር አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ጀግናው ከባድ ጥሩር ይልበስ ወይስ ቀለል ብሎ በቅልጥፍናው ይዳን የሚለው ነው። ክርክሩ የሂሳብ ክርክር ስለ ሆነ፥ አባት ወይም እናት ገብተው ቢዳኙት የሚያሳፍር አይደለም።

የዚህ ጨዋታ አባት የሚባለው በ1974 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመው ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ ነው፤ የሚጫወቱትም በወረቀት፥ በእርሳስና ሃያ ፊት ባላት የዕጣ ጠጠር ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ መላ አካልን የሚሸፍን የብረት ጥሩር ለለባሹ 18 የመከላከያ ቁጥር ይሰጠዋል። ምስማር የተመታበት የቆዳ ልብስ ግን 12 ብቻ ሰጥቶ የቀረውን ለለባሹ ቅልጥፍና ይተወዋል፤ እጅግ የቀለጠፈ ሰው 5 ጨምሮበት 17 ይደርሳል። ልዩነቱ እንግዲህ አንድ ቁጥር ነው። ዋጋው ግን ብረቱ 1,500 ወርቅ፥ ቆዳው 45 ወርቅ ነው፤ ክብደቱም ብረቱ 29 ኪሎ ያህል ሲሆን ቆዳው 6 ኪሎ ያህል ነው። ስለ አንዲት ቁጥር 1,455 ወርቅ! በመርካቶ ሦስት ሱቅ ሳይጠይቅ የማይገዛ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል መገመት አያስቸግርም። በዚህም ላይ ብረቱ ሲንኳኳ ለባሹ ተደብቆ መሄድ ይቸግረዋል፤ እሳት ሲወረወርበትም የሚያድነው ቅልጥፍናው እንጂ ጥሩሩ አይደለም።

ሆኖም ታናሹ ወንድም በዚህ ቶሎ ደስ አይበለው። ያ 5 ቁጥር በብዙ ጨዋታና በብዙ ድካም የሚገኝ ነውና፥ ቅልጥፍናው ገና 1 የሆነ ጀማሪ በቆዳው 13 ብቻ ይዞ ይቀራል። ብረት በአንድ ቀን ይገዛል፤ ቅልጥፍና ግን አይገዛም።

በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣው ኤልደን ሪንግ በተባለው ጨዋታ ደግሞ ነገሩ የሸክም ነገር ነው። ጀግናው ሊሸከም ከሚችለው ከመቶ 30 እጅ በታች ከያዘ እንደ ልቡ ይገለባበጣል፤ ከ30 እስከ 70 በመካከለኛ ፍጥነት ይንቀሳቀሳል፤ 70 ሲሞላ ግን እየተንከባለለ ማምለጡ ይዘገያል። ከመቶ ካለፈ ጭራሽ መገለባበጥ አይችልም። ስለዚህ 35 የያዘና 69 የያዘ እኩል ያመልጣሉ፤ ብልኅ ተጫዋችም እስከ ወሰኑ ድረስ ጥሩር ይጨምራል እንጂ በ40 ላይ ቆሞ ራሱን ያለ ጥቅም አያራቁትም። ይህን የመርካቶ ተሸካሚ ሳይማር ያውቀዋል፤ በጠባቡ መተላለፊያ ከመኪናና ከሰው መካከል ዘወር ለማለት የሚያስችለውን ያህል ይጭናል፥ ከዚያም አንድ ካርቶን እንኳ አያስጨምርም።

በአገራችን የጉግስ ጨዋታም ይኸው ክርክር በፈረስ ላይ ይታያል። ተባራሪው በብረት አልተሸፈነም፤ ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የተሠራ ጋሻ ይዞ የሚወረወርበትን ዘንግ ዞሮ ይመክታል፥ ወይም ወደ ፈረሱ ጎን ጋደል ብሎ ያሳልፋል። ጋሻው ቆዳ ቢሆንም የሚያድነው በጊዜው ለሚያዞረው ክንድ ነው፤ ፈረሱም ከባድ ሰው ቢጫንበት ኖሮ ቀድሞ በተያዘ ነበር። ዳዊትም ከጎልያድ ጋር ለመዋጋት ሲወጣ የሳኦልን ጥሩር ያወለቀው ስላልተለማመደው ነው፤ ጥሩሩን የሚነቅፍ ቃል ግን በታሪኩ አይገኝም።

እንግዲህ ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ላይ የሚጫወቱ ከሆነ ፍርዱ ይህ ነው። ታላቁ ብረቱን ለብሶ በጠባቡ በር ላይ ይቁም፤ ነገር ግን የጀግናው ጕልበት 15 ካልሞላ ጥሩሩ እርምጃውን ስለሚያዘገየው አስቀድሞ ይህን ይመልከት። ታናሹ በቆዳው ቀድሞ ሄዶ ጠላት ስንት እንደ ሆነና በእሳት ይሁን በሰይፍ እንደሚመታ አይቶ ይመለስ። ከ1,500ው ወርቅም ለታናሹ ልብስ የሚሆነው 45ቱ አስቀድሞ ይነሣ፤ ለጥሩሩ የጐደለውን ታላቁ ከሚቀጥለው ድል ይሙላው።